ዋርፋሪን የሚወስዱት እናት እና የልጃቸው ሾርባ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የቤት ለቤት ተንከባካቢ ናት። የምትንከባከባቸው ሴት የ81 ዓመት ቻይናዊት ናቸው። ለልብ ምት መዛባት ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሥርና ቅጠል የተቀቀለበት ሾርባ በድስት ታመጣለች። በቅርቡ ደግሞ ገላቸውን ስታጥብ ጀርባቸው ላይ ክብ ክብ ጥቁር ምልክት አየች። «ከዚህ በፊት ሌላ የቻይና ቤተሰብ ጋር ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ባህላቸው ነው ብዬ ዝም ልበል ወይስ ለአለቃዬ ልናገር? የየት አካባቢ ሰው እንደሆኑ መጠየቅስ ነውር አይሆንም?» ትላለች።

እህቴ፣ ከአስቸኳዩ ልጀምር። የሾርባውን ነገር ዛሬውኑ ለነርሷ ወይም ለአለቃሽ ንገሪ። ይህ ባህላቸውን መክሰስ አይደለም። ታካሚዋ ምን ምን እንደሚወስዱ ማሳወቅ ነው፣ ሥራሽ ነው። ሾርባውን ግን እንዳትደፊው። ልጅቷንም አትቆጪያት። «ይሄን መጠጣት ያቁሙ» ብለሽም አትዘዣቸው፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ጥቁር ሰገራ ካየሽ፣ ነስር አልቆም ካለ፣ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከመቱ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከያዛቸው ማንንም ሳትጠብቂ 911 ደውይ።

ክብ ክቡ ምልክት ዋግምት ነው ባይ ነኝ። አዎ፣ የእኛው ዋግምት። የእኛ ሰው በቀንድ ይሠራዋል፣ እነሱ በብርጭቆ ወይም በቀርከሃ፣ አሁን አሁን ደግሞ አየር በሚስብ ፕላስቲክ። ምልክቶቹ አንድ መጠን ያላቸው፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የተደረደሩ ከሆኑ ዋግምት ነው። ረጃጅም ቀያይ መስመሮች ካየሽ ደግሞ ቆዳን በማንኪያ ወይም በለሰለሰ ቀንድ የመፋቅ ልማድ አላቸው፣ እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞችና መምህራን እነዚህን ምልክቶች ድብደባ መስሏቸው ቤተሰብ ላይ ምርመራ ያስከፈቱበት ጊዜ አለ። ይህ ማለት ግን ዓይንሽን ጨፍኚ ማለት አይደለም። የክንድ ውስጠኛው ክፍል ላይ የጣት ቅርጽ ካየሽ፣ ፊት ላይ ከሆነ፣ ወይም ሴትዮዋ ሰው ሲመጣ ከፈሩ ነገሩ ሌላ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአረጋውያን ተንከባካቢ ጥቃት ከጠረጠረ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለበት፣ ይህን መቼም እንዳትረሺ።

ዋግምት ለጤነኛ ሰው ብዙም አያሳስበኝም። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ግን አልወደውም፣ ቆዳ ሥር ደም ስለሚፈስ ነው። ቆዳ ተበጥቶ ደም የሚወጣበት ዓይነቱ ከሆነማ ጭራሽ መሆን የለበትም። ስለዚህ እሱንም ለነርሷ ጨምረሽ ንገሪያት።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ መድኃኒት ለመውሰድ ወደኔ የሚመጡት አረጋውያን አብዛኞቹ ቻይናውያን ናቸው። ስለዚህ ወደ ሾርባው ልሂድ፣ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው።

ዋርፋሪን ጠባብ መንገድ ላይ የሚሄድ መድኃኒት ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ለዚህ ነው በየጊዜው አይ ኤን አር የሚባለውን የደም ምርመራ የሚያደርጉት፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ደሙ ለመርጋት ይዘገያል ማለት ነው። አሁን ሾርባው ውስጥ ምን አለ? ዳን ሸን የሚባል ቀይ ሥር ካለበት ዋርፋሪኑን ያበረታዋል። ችግሩ ደግሞ ዳን ሸን ለልብ የሚታዘዝ መሆኑ ነው፣ ልብ ታማሚ እናት ያላት ልጅ መጀመሪያ የምትገዛው እሱን ነው። ሴቶች የሚወዱት ዳንግ ጉዊ የሚባለው ሥርም እንደዚያው ያበረታዋል። ጎጂ ቤሪ፣ ያቺ ትንሿ ቀይ ፍሬ፣ እሷም አይ ኤን አር ከፍ እንዳደረገች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። የአሜሪካ ጂንሰንግ ደግሞ በተቃራኒው ዋርፋሪኑን ያደክመዋል። አየሽ፣ «ዕፅዋት ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

ሰው የማይጠረጥረው ሌላም አለ፦ ቅባቱ። ጉልበትና ትከሻ ላይ የሚቀባው፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቀው ዘይት። ብዙዎቹ ውስጥ ሜቲል ሳሊሲሌት አለ፣ የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ነው። በብዛት ከተቀባ በቆዳ በኩል ገብቶ የዋርፋሪንን ጉልበት ይጨምራል። ሰው ይህን መድኃኒት ብሎ ስለማይቆጥረው ሐኪም «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ሲል መልሱ «የለም» ነው። ዋሽተው አይደለም።

ጋን ጻኦ የሚባለውን ጣፋጭ ሥርም ልጥቀስ። በቻይና ቅመማ ውስጥ እንደ ጨው በየቦታው ይገባል። በብዛት ሲወሰድ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። የግፊት ኪኒን ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪሙ ይህንንም ማወቅ አለበት።

አሁን ደግሞ «አትዘዣቸው» ያልኩበትን ምክንያት ልንገርሽ። ሾርባውን ሲጠጡ ኖረው፣ የዋርፋሪኑ መጠን የተስተካከለው ከነሾርባው ሊሆን ይችላል። ድንገት ካቋረጡት የደም ምርመራው ይናጋል። መጀመርም ማቆምም ለሐኪሙ የሚነገር ነገር ነው። በዚያ ላይ ከተቆጣሻቸው አያቆሙትም፣ መደበቅ ነው የሚጀምሩት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አያውቅም።

የታሸገ ኪኒን ካለ በጣም ጠንቀቅ በይ። ድስት ውስጥ ከሚታየው ሥር ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ በሚያምር ሳጥን የሚመጣው ነው። በ1998 የታተመ የካሊፎርኒያ ጤና መሥሪያ ቤት ምርመራ አለ። ከሱቅ ከተሰበሰቡ 260 የእስያ ባህላዊ መድኃኒቶች ውስጥ ቢያንስ 83ቱ ላያቸው ላይ ያልተጻፈ ዘመናዊ መድኃኒት ወይም ሊድን፣ ሜርኩሪንና አርሴኒክን የመሰለ ከባድ ብረት ተገኝቶባቸዋል። በ2002 ደግሞ ፒሲ ስፔስ የሚባል፣ ለፕሮስቴት ካንሰር ይሸጥ የነበረ የዕፅዋት እንክብል ከገበያ ተሰበሰበ። ውስጡ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? ራሱ ዋርፋሪን። አሪስቶሎክ አሲድ ያለበት ዕፅም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት ብለው የወሰዱት ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። እነዚያ ሴቶች ቻይናውያን አልነበሩም። ይህን የምለው ነገሩ የቻይና ባህል ችግር ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። «ሌላው የቻይና ቤተሰብ ለምን እንዲህ አላደረገም?» መልሱ ቀላል ነው፣ ቻይናዊ ስለተባሉ አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። እኛን «አበሻ» ብለው ሁላችንም ጥሬ ሥጋ እንበላለን ብለው ቢያስቡ ምን እንደሚሰማሽ አስቢው።

ቻይና በሕግ የምታውቃቸው 56 ብሔረሰቦች አሏት። አሜሪካ ከመጡት አብዛኞቹ ሃን፣ ማለትም ከትልቁ ብሔረሰብ ናቸው፣ ግን ሃን መሆን ብቻውን ለአንቺ ሥራ ምንም አይነግርሽም። የሚነግርሽ የመጡበት አውራጃና ቋንቋ፣ የመጡበት ዘመንና ትምህርታቸው ነው። እስከ 1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ድረስ አሜሪካ የነበሩት ቻይናውያን በብዛት ከአንድ ጠቅላይ ግዛት፣ ከጓንግዶንግ ነበሩ። እዚያም ውስጥ ታይሻንና ጎረቤቶቿ ከሆኑ ጥቂት ወረዳዎች። የሳንፍራንሲስኮ ቻይናታውን የተሠራው በእነሱ ነው። ቀስ ብሎ ለሰዓታት የሚንተከተክ ሾርባ፣ መራራ የቅጠል ሻይ፣ ጥብስ ከበሉ በኋላ «ሰውነቴ ሞቀ» ብሎ ማብረጃ መፈለግ፣ ይህ ሁሉ በጣም የደቡብ ሰው፣ የካንቶኖች (የጓንግዶንግ ሰዎች) ልማድ ነው። ያንቺ ሴትዮ ከእነሱ ወገን ይመስሉኛል። የፊቱ ቤተሰብሽ ምናልባት ከቤይጂንግ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ የመጣ ይሆናል። ሰሜኖቹም ሙቅ ውኃ ይወዳሉ፣ ዋግምትም ያውቃሉ፣ ግን እንደ ካንቶኖቹ በየሳምንቱ መድኃኒት የገባበት ሾርባ ካልጠጣን አይሉም።

ኒውዮርክ ብትሄጂ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ከፉጂያን፣ በተለይ ከፉጆ አካባቢ ብዙ ሕዝብ ገባ። ሬስቶራንት ሠራተኞች ናቸው፣ በአውቶቡስ ተሳፍረው ሌላ ስቴት ድረስ ሄደው የሚሠሩ። ብዙዎቹ ሕፃናቶቻቸውን አያት ጋር እንዲያድጉ ወደ ቻይና ይልካሉ፣ ለትምህርት ሲደርሱ ይመልሷቸዋል። በዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ልጆቻቸውን ለእናቶቻቸው ትተው እንደሚሠሩት። የእነዚህን ሰዎች ጤና ሾርባ አይደለም የሚወስነው፣ የሥራ ሰዓትና የኢንሹራንስ እጦት ነው። ባህል ባህል ስንል ይህ እንዳይረሳ።

አራስ ቤት ስትሠሪ ልዩነቱ ይበልጥ ይታይሻል። ሁሉም ወላድን አንድ ወር ያህል ያስተኛሉ፣ ከቤት አትወጣም፣ ብርድ አይነካትም፣ ቀዝቃዛ አትጠጣም። እኛ አርባና ሰማንያ ቀን እንደምናደርገው ማለት ነው። ምግቡ ግን ይለያያል። ካንቶኖች የአሳማ እግርና እንቁላል ከዝንጅብልና ከጥቁር ጣፋጭ ኮምጣጤ ጋር ቀቅለው ያበላሉ። ሃካ የሚባሉት ዶሮ በሩዝ ወይን ይሠራሉ። ፉጆዎች በቀይ የሩዝ ወይን። ሰሜኖች ደግሞ የዳጉሳ ዘመድ የሆነ እህል ገንፎ፣ እንቁላልና ጥቁር ስኳር፣ ከእኛ ቁርቁራ ጋር የሚዛመደውን ቀይ ፍሬም ይጨምሩበታል። ሑይ የሚባሉት ሙስሊሞች አሳማ አይቀምሱም፣ ስለዚህ «ቻይናዊት ናት» ብለሽ የአሳማ እግር ብታቀርቢ መዓት ነው። አስቂኙ ነገር የእኛ ሴቶች ገንፎና አጥሚት እየጠጡ ኖረው ሆስፒታል ውስጥ የበረዶ ውኃ ይዞ የሚመጣው ነርስ አንዳንዴ የእኛው ልጅ ነው። አረጋውያኑን ያን በረዶ አታቅርቢላቸው። ሙቅ ውኃ ስጫቸው፣ ምንም አይጎዳም፣ ብዙ ውኃም ይጠጡልሻል።

ዘር መጠየቅ ሐኪም ቤት ውስጥ ለወሬ አይደለም። ቻይናውያን በአማካይ ከነጮች ያነሰ ዋርፋሪን ነው የሚበቃቸው፣ ጉዳዩ የጂን ነው። ካርባማዜፒን የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ደግሞ ኤች ኤል ኤ ቢ 1502 የሚባል ጂን ያለበትን ሰው ቆዳውን እስከ መግፈፍ ድረስ ሊጎዳ ይችላል። ይህ በ2004 ታይዋን ውስጥ በሃን ቻይናውያን ላይ ነው የታወቀው። ከ2007 ጀምሮ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የእስያ ዝርያ ላላቸው ሰዎች መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ምርመራው ይደረግ ይላል። ጂኑ ደቡብ ቻይና ላይ ይበዛል፣ ወደ ሰሜን ሲኬድ እየቀነሰ ይሄዳል። የአፍንጫና የጉሮሮ መጋጠሚያ ካንሰርም ካንቶኖች ላይ በጣም ይበዛል። ቫይረስ አለበት፣ ዘር አለበት፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚበላው በጨው የተቀመጠ ዓሣም አለበት። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻቸው ላይ ግን ይቀንሳል። ሁሉም ነገር ደም ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልቀነሰ ነበር።

እሺ፣ መጠየቁ ነውር ነው ወይ? እኛ አገር «የየት ሰው ነህ» የሚለው ጥያቄ ስንት ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ፣ ፍርሃትሽም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የቻይና አረጋውያን ግን ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ፊታቸውን ያበራዋል። ወረዳቸውን፣ መንደራቸውን ይነግሩሻል። የሳንፍራንሲስኮ ቻይናታውን ራሱ በወረዳና በቤተሰብ ስም በተቋቋሙ ማኅበራት የተሞላ ነው። ሰው ሲሞት የሚቀብሩ፣ ሲታመም የሚረዱ፣ እንደ እድራችን ያሉ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ከታይዋን ለመጣ ሰው፣ ከሆንግ ኮንግ ለመጣ ሰው «ቻይና የት ነው አገርዎ?» አትበይ። «የት አደጉ? ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ትናገራላችሁ?» በይ፣ ይበቃል።

ቋንቋው ለአስተርጓሚም ወሳኝ ነው። «የቻይንኛ አስተርጓሚ» ተብሎ ማንዳሪን የሚናገር ሰው ይመጣል። የታይሻን እናት በትሕትና ራሷን ትነቀንቃለች፣ ግማሹን አልሰማችም። ካንቶንኛ ከሆነ ካንቶንኛ፣ ታይሻንኛ ከሆነ ታይሻንኛ ብለሽ አስጽፊ። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ልጅቷ ታስተርጉም አትበይ። ልጅ ክፉ ወሬ ይደብቃል። ይህንን እኛም እናውቀዋለን፣ አባት ካንሰር ይዞት «ትንሽ ጨጓራ ነው» እያልን ስንቱን ሸኘን። ቻይና ቤተሰብም እንደዚሁ ለሽማግሌ አይነግርም። እኔ ይህን ልማድ እንደ ክፋት አላየውም። ግን ሐኪሙ ገና ከጅምሩ ሴትዮዋን «ስለ ጤናዎ ውጤት ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለልጄ ካሉ መብታቸው ነው፣ ልጅ ግን ለእሳቸው መወሰን የለባትም።

ስለ መደበቅ ካነሳን አይቀር የኋላ ታሪክም አለ። በመጋቢት 1900 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ቻይናዊ ፕሌግ በሚባለው ወረርሽኝ ሞተ ተብሎ መላው ቻይናታውን በገመድ ታጠረ። ነጮቹ እንዲወጡ ተፈቀደ፣ ቻይናውያኑ ተዘጋባቸው። ቀጥሎም ከከተማ መውጣት የፈለገ ቻይናዊ ገና ብዙ ያልተፈተነ ክትባት ይወጋ ተባለ። ጉዳዩ ፌደራል ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኛው ይህ አድልዎ ነው ብለው አገዱት። ወረርሽኙ እውነት ነበር፣ አያያዙ ግን ሰውን በሽታ እንዲደብቅ አስተማረ። የቻይና ሆስፒታል በ1925 በማኅበረሰቡ ገንዘብ የተከፈተው ሌላው ቦታ በሩን ስለዘጋባቸው ነው። እናትየው ይህን በዓይናቸው አላዩም፣ ግን ይህን ትዝታ ይዞ የኖረ ሰፈር ውስጥ ነው የሚኖሩት።

ሌላም አለ። ከዋናው ቻይና ለመጣ አረጋዊ ይህ የቻይና ባህላዊ ሕክምና የመንደር ወሬ አይደለም። መንግሥት በ1956 በቤይጂንግ፣ በሻንጋይ፣ በጓንግጆና በቼንግዱ ኮሌጅ ከፍቶለታል፣ ሆስፒታል ውስጥ ከመርፌና ከኪኒን ጎን ይሰጣል። ስለዚህ «ባህላዊ ነገር ይወስዳሉ?» ብለሽ ስትጠይቂ «አልወስድም» ሊሉሽ ይችላሉ፣ ለእሳቸው መድኃኒት ነዋ። «ሾርባው ውስጥ ምን ይገባል? እኔም ማየት ደስ ይለኛል» በይ። ልጅቷ ዕፁን የምትገዛበት ሱቅ ማዘዣውን ወይም ከረጢቱን በቻይንኛ ጽፎ ይሰጣል። የከረጢቱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሺ፣ ቅባቶቹንም አንሺ፣ ለነርሷ ላኪ። ፋርማሲስት በቻይንኛው ስም ያገኘዋል። «ሥርና ቅጠል» ብለሽ ብቻ ብትነግሪን ግን ምንም አናደርግልሽም።

አኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌ የሚደረገውን ሕክምና) ከፈለጉ ለወገብ ሕመም ከጥር 2020 ወዲህ ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ፣ ይከፍላል፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ከሆነ ማለት ነው። ይህን ብትነግሪያቸው ቤት ውስጥ ከሚደረገው ዋግምት ይልቅ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጋር ይሄዱ ይሆናል፣ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ግን ባለሙያው ማወቅ አለበት። ቤት ውስጥ ቅጠል አንድዶ ሰውነት አጠገብ መያዝም ልማዳቸው ነው። ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ካለ ያ እሳት ነው፣ ወዲያው አስቁሚ። እዚህ ላይ ብቻ ፈቃድ አትጠብቂ።

አንድ ስለ ራስሽ። ሄፓታይተስ ቢ በደቡብ ምሥራቅ ቻይና በጣም የተስፋፋ ነው፣ ሕፃናትን መከተብ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ1992 ስለሆነ አረጋውያኑ አልተከተቡም። በምግብ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ ስለዚህ ሳህናቸውን አትለዪ። በደም ግን ይተላለፋል፣ አንቺ ደግሞ የስኳር መመርመሪያ መርፌና ምላጭ ትነኪያለሽ። እኛም አገር ውስጥ ብዙ ነው፣ ብዙ አበሻ ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም አዋቂ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመከራል። ተመርመሪ። ከሌለብሽና ካልተከተብሽ ክትባቱን ጀምሪ። ድርጅት ቀጥሮሽ ደም የሚነካ ሥራ የምትሠሪ ከሆነ ክትባቱን በነፃ ሊሰጥሽ በሕግ ይገደዳል፣ ከደሞዝሽ እንቆርጣለን ካሉሽ እሺ አትበይ።